ጉድኝት ማዕከል፦ ለገጠር የተሠራ፣ ግን ያልተሠራበት መዋቅር

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው በሁለተኛ ደረጃ መምህራንና በተማሪው ላይ ነው። የገጠር ወረዳ ውጤት ግን መበላሸት የሚጀምረው ገና 1ኛ ክፍል ላይ ነው። እዚያ ድረስ ወርዶ ሊያቃና የሚችለው መዋቅር ደግሞ ከትምህርት ባለሙያው ውጭ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉድኝት ማዕከል ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ይህ አደረጃጀት በአቅራቢያ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በአንድ የተሻለ ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሰባስባል። መሀል ያለው ማዕከል፣ ዙሪያውን ያሉት ሳተላይት ይባላሉ፤ ሁሉንም እየዞረ የሚደግፍ ሱፐርቫይዘር ይመደብላቸዋል። ማዕከሉ የመርጃ መሣሪያ ክፍል አለው፦ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሳለ ካርታ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት፣ ለመቁጠሪያ የተሰበሰበ ቆርኪ። የሳተላይቶቹ መምህራን እዚህ ተገናኝተው ትምህርት አብረው እንዲያዘጋጁ፣ ያስቸገራቸውን እንዲመካከሩ ታስቦ ነበር። ለብቻው ገጠር ለተመደበ ጀማሪ መምህር ከዚህ የተሻለ ድጋፍ በቅርብ አይገኝም። ነገር ግን ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ የልጆቹን ንባብ ከማዳመጥ ይልቅ ቅጽ ሲያስሞላና ሪፖርት ሲያመላልስ ከዋለ፣ መርጃ መሣሪያውም ለጎብኚ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ጉድኝቱ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ለምን 1ኛ ክፍል? በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲዛወር መደረጉ ማቋረጥን ለመቀነስ ታስቦ ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። ንባቡን የሚከታተል ሰው ከሌለ ግን ልጁ ፊደል ሳይለይ 5ኛ ክፍል ይደርሳል። በአጨዳና በገበያ ቀን የሚቀረው ልጅ ይበልጥ ይጎዳል፤ ማንበብ የሚችል ያመለጠውን ከመጽሐፍ ያካክሳል፣ የማይችለው በምን ያካክሳል? 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ መሠረት የሌለው ተማሪ ጨርሶ ይጠፋል።

ውጤቱ የወደቀው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ስለተሰጠና ኩረጃ ስለቀነሰ ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ይህ ግን ድክመቱ ተሸፍኖ እንደኖረ ያሳያል እንጂ ድክመት የለም አያሰኝም። ከባዱ ተቃውሞ ድህነቱና የሰሜኑ ጦርነት ነው፦ የራበውና ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ በጉድኝት ስብሰባ አይድንም። እውነት ነው፤ ምገባም ሰላምም ያስፈልገዋል። የንባብ ምዘናው ግን ጦርነቱ ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በፊት የተካሄደ ነው። ደግሞም ጎበዙን መምህር ከ8ኛ ወደ 1ኛ ክፍል ማዛወር፣ ሱፐርቫይዘሩንም ከቅጽ አላቆ ክፍል ማስገባት አዲስ በጀት አይጠይቅም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በመጪው መስከረም የመምህራን ድልድላቸውን ከዚህ ይጀምሩ።