ጯኺውን ዝቅ፣ ዝምተኛውን ከፍ
(ባለ ቲዩብ ኮምፕረሰር የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ እንዴት ይለውጣል?)



የሙዚቃ ክበባችን በተቋሙ አዳራሽ ዝግጅት ባቀረበበት ምሽት፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጥን ሁሉ አንድ ነገር ታዝበናል። ጊታር መቺው ክሩን ጠንከር አድርጎ ሲመታ ድምፁ ጆሮ ይወጋል፤ ለስለስ አድርጎ ሲነካው ደግሞ ድራሙና ኦርጋኑ ይውጡታል። «ልጁ ገና አልበሰለም» ያሉ ነበሩ። ነገሩ ሲመረመር ግን ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያውም ጠባይ አለበት። እኛ ነገ ክፍል ገብተን በተማሪ ላይ የምንፈርድ ሰዎች ስለሆንን፣ ከፍርድ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይበጀናል።

በመጀመሪያ የጊታርን ድምፅ ጠባይ እንመልከት። የልደታ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ምት ኃይለኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እየሳሳ፣ እየራቀ ይሄድና ይጠፋል። ክራርም እንዲሁ ነው፤ ጊታርም እንዲሁ ነው። ማሲንቆ ግን በደጋን ስለሚገዘገዝ መቺው እስከፈለገ ድረስ ድምፁ ይቆያል። በኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። የክሩን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ይኸው ነው። ስለዚህ ያ ኃይለኛ ምትና ያ ቶሎ የሚሳሳ ጅራት እንዳሉ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ኮምፕረሰር የሚባለው ሳጥን የሚገባው እዚህ መካከል ነው። ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ የጥሩ መምህር ሥራ ነው። በክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ይጮሃል፤ ሌላው ድምፁ አይሰማም። መምህሩ ጯኺውን ዝቅ በል ይለዋል፤ ዝምተኛውን ደግሞ ያበረታታዋል።

በቁጥር እንየው። መሣሪያው አንድ ወሰን ይደረግለታል። ከዚያ ወሰን በታች ያለውን ድምፅ አይነካም። ምጣኔው 4 ለ 1 ከሆነ፣ ወሰኑን በ12 ዲሲቤል ያለፈ ድምፅ በ3 ዲሲቤል ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቀጥሎ ሁሉም ድምፅ በአንድነት፣ ለምሳሌ በ6 ዲሲቤል፣ ከፍ ይላል። ውጤቱ ምን ሆነ? ኃይለኛው ምት ከነበረበት በ3 ዲሲቤል ዝቅ አለ፤ ለስላሳው በ6 ከፍ አለ። የነበረው ልዩነት በ9 ዲሲቤል ጠበበ ማለት ነው። የክሩ ጅራት የረዘመ የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው። ክሩ ከቀድሞው አብልጦ አልረገበገበም፤ እየሳሳ የሄደው ድምፅ ከፍ ስለተደረገ ነው እንጂ።

የጊዜም ነገር አለ። ሳጥኑ ጯኺውን ለመጫን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? በ1 ወይም በ2 ሚሊሰከንድ ከያዘው የጥፍሩ ምት ይደፈጠጣል። ወደ 30 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ግን ምቱ አምልጦ ያልፍና ድምፁ ጥርት ይላል። የመልቀቂያውም ጊዜ እንዲሁ በልክ መሆን አለበት። ቶሎ ከለቀቀ ድምፁ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚቀጥለው ኖታ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

ታዲያ ቲዩቡ ምን ይሠራል? በአያቶቻችን ቤት የነበረውን የእንጨት ሬዲዮ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሲከፈት እስኪሞቅ ድረስ የሚያስጠብቀው እሱ ነው። አየር የወጣለት የመስተዋት ብልቃጥ ነው። በውስጡ የጋለው ክፍል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ በመካከል ያለው ወንፊት መሰል ሽቦ መጠናቸውን ይቆጣጠራል፤ በላይ ያለው ሰሌዳ ይቀበላቸዋል። ይህን ባለ ሦስት ክፍል ቲዩብ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ሠራው።

በስቱዲዮ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ በ1950ዎቹ መጨረሻ በወጣውና 20 ቲዩብ በተሸከመው ፌርቻይልድ 670፣ ድምፁን የሚጫኑት ቲዩቦቹ ራሳቸው ናቸው። በእግር በሚረገጡት ትንንሽ ፔዳሎች ግን ብዙውን ጊዜ የመጫኑን ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተር፣ ወይም ብርሃን ሲያርፍበት ጠባዩ የሚለወጥ ሬዚስተር ነው። ቲዩቡ ድምፁን ያጎላል፤ ቀለምም ይሰጠዋል። «ቲዩብ አለበት» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርብን ይህን ብናውቅ አንታለልም።

ቀለም ስንል ምን ማለታችን ነው? ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲሰጠው የሞገዱን ጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ያለዝበዋል። በዚህ ጊዜ በ440 ኸርትዝ ለገባው ድምፅ 880 እና 1320 ኸርትዝ የሆኑ አጃቢ ድምፆች ይወለዳሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የበገና ደርዳሪ በጅማቱና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይሰካል። ድምፁ የሚነዝረው፣ የሚሞላው ከዚህ የተነሳ ነው። መንገዱ ይለያል፤ አንዱ በቆዳ፣ ሌላው በኤሌክትሮን። ድምፅን በአጃቢ ድምፅ ማድመቁ ግን አንድ ነው።

በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ጊታር አንድ አጭር ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ዘፋኙን ያጅባል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» ያዳመጠ ሰው፣ ተደጋጋሚ ሐረግ ዘፈንን እንዴት እንደሚሸከም ይረዳል። እንዲህ ባለው አጨዋወት አንዱ ኖታ ጮሆ ሌላው ከጠፋ ምቱ ይሰበራል፤ ኮምፕረሰር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ትዝታ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የትዝታ ሆድ የሚያባባው ጣት ሲጠነክርና ሲለሰልስ ነው። ሳጥኑን እስከ መጨረሻ አዙሮ ሁሉን እኩል ማድረግ፣ ተማሪን ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ እንደማስጠናት ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ነገር ግን ሰው የለበትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ ኮምፕረሰር ለስላሳውን ከፍ ሲያደርግ የመብራቱን የ50 ኸርትዝ እምምታም አብሮ ያጎላል። ሁለተኛ፣ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። አንድ ጓደኛችን ጽሑፉን ሳያነብ ሶኬት ላይ ሰክቶት፣ የብዙ ወር ቁጠባው በአንድ ደቂቃ ጭስ ሆኖ ቀርቷል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚገኝና ከተነቀሉም በኋላ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሳያውቁ መክፈት ለሕይወት ያሰጋል።

በመጨረሻ አንድ ሙከራ እንጠቁም። ፔዳሉን አጥፍታችሁ አንድ ክር ምቱ፤ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ቁጠሩ። ከፍታችሁ ደግሙት። ልዩነቱን ጆሮአችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ እንደገና አጥፉትና በጣታችሁ ብቻ ድምፁን እኩል ለማድረግ ተለማመዱ። ያ የክበባችን ልጅም ሳጥን እስኪገኝ አልጠበቀም፤ በየማታው እንዲህ እየተለማመደ ነው። መሣሪያው የበሰለን እጅ ይረዳል እንጂ ያልበሰለውን አያበስልምና!