ለሕፃን የልደት ስጦታ ስለ መምረጥ

በኢትዮጵያ በቀድሞ ዘመን ሕፃን የተወለደበትን ቀን በየዓመቱ ማክበር እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ብዙ ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በታላላቅ ነገር ነበረ፤ «እገሌ የማይጨው ጦርነት በሆነበት በ1928 ዓ.ም. ተወለደ» ይባል ነበር እንጂ ዕለቱ አይጠየቅም። የሕፃኑ በዓል ክርስትናው ነበረ። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ልብስ ያለብሳሉ፤ ነሐሴ 13 ቀንም በቡሄ ሙልሙል ይሰጣሉ። ዛሬ ግን በከተማ የልደት ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅ ብቻ ቀኑ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣበታል።

ከልደት ጋር የተያያዘ የቆየ ስጦታ ግን አለ። ሱሉልታን ጨምሮ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ «ሐንዱራ» የሚባል ልማድ ይገኛል፤ ቃሉ እምብርት ማለት ነው። አባት ለተወለደው ልጅ ጊደር ወይም ሌላ ከብት ይሰጠዋል። ጊደሪቱ አድጋ ስትወልድ ጥጃዋም የልጁ ነው፤ የጥጃዋም ልጅ እንደዚሁ። ልጁ ነፍስ ባወቀ ጊዜ የራሱ ከብት እንዳለው ይረዳል፤ ስለዚህ ሣር ሲያጭድና ውኃ ሲያጠጣ ለራሱ ሀብት ይደክማል። የሱሉልታ ሜዳ ሣሩ ብዙ ነው፤ ወተቱም የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳልና የጊደር ጥቅም በዚያ አገር ለማንም ግልጥ ነው። እርግጥ ነው፥ በከተማ የሚኖር ሰው ጊደር እየጎተተ ወደ ልደት ግብዣ አይሄድም።

ስጦታ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የልጁን ዕድሜ ይጠይቃል። 3 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ስለዚህ ዶቃ፥ ብይ ወይም አዝራር አይሰጠውም፤ በጉሮሮው ቢቀር ትንፋሹን ይዘጋበታልና።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ነገር የሚያስፈልገውንና የሚወደውን መለየት ነው። በቡራዩ የምትኖር አንዲት እናት 7 ዓመት ለሚሞላው ልጅዋ የምትገዛው ነገር አሳሰባት። ልጁ የሚመኘው ኳስ ነበረ፤ ሐምሌ ግን ብርድና ዝናብ ነው፥ ሹራቡም በክርኑ ላይ ተቀድዷል። ገንዘቧ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ሹራብ ብትገዛ ልጁ ይሞቀዋል፤ ነገር ግን ልጅን ማልበስ የወላጅ ግዴታ እንደ ሆነ ልጆች ያውቃሉና እንደ ስጦታ አይቆጥሩትም። እናቲቱ አዲሱን ሹራብ ገዛች፤ አሮጌውንም ቆራርጣ በካልሲ ውስጥ ጠቅጥቃ በመርፌ ሰፋችው፤ ክብ ኳስም ሆነ። ልጁ በዚያች ሌሊት ሹራቡን በወንበር ላይ ጥሎ ኳሱን ታቅፎ ተኛ።

በሰበታ ዓይነ ስውራን ልጆች የሚማሩበት «መርሐ ዕውራን» የተባለ ትምህርት ቤት አለ። በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ዓይነ ስውር ለሆነችው ለእኅቱ ልጅ በልደቷ ቀን የአራዊት ሥዕል የሞላበት ውብ መጽሐፍ አመጣላት። ልጅቱም ገጹን ሁሉ በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ሁሉም ለስላሳ ሆነባት። «ጋሼ፥ ይህ ወረቀት ምን ይላል?» አለችው። ሰውዬው አፈረ፤ መጽሐፉን የመረጠው በራሱ ዓይን ነበረና።

ዓይነ ስውራን የሚያነቡት ጽሕፈት በጣት የሚዳሰስ ነው። ይህን ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ መሥሪያ ወስፌ ዓይኑን ተወግቶ ታወረ፤ በ15 ዓመቱም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824፥ በ6 ነጥቦች የሚጻፍ ፊደል አሰናዳ። ስድስቱ ነጥቦች ልዩ ልዩ ሆነው ሲደረደሩ 63 ምልክት ይወጣቸዋል። ደግሞ በ1946 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ቃጭል ያለበት ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ተፈጠረላቸው፤ ተጫዋቹ ኳሱን የሚያገኘው በጆሮው ነው።

አጎትየውም ልጅቱን ምን እንደምትወድ ጠየቃት። «የሚሰማ ኳስ» አለችው። በማግሥቱ ትንሽ ቃጭል በጨርቅ ኳስ ውስጥ አሰፍቶ አመጣላት፤ በግቢው ውስጥም ድምፁን እየተከተለች ሮጠች። መጽሐፉንም አልጣለውም፤ በየእሑዱ ያነብላት ጀመር። ዝሆን ምን ያህል እንደሚያህል በጠየቀችው ጊዜ ግን በቃል መንገር አቃተው፤ ስለዚህ እጅዋን ይዞ የቤቱን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አስዳሰሳት።