እውነቱን የሞላ የማይቀጣበት ፎርም

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ ክርክሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ «የምትፈልገውን አንደኛ አድርግ» ይላል። ሌላው «ኧረ እሱ አይደርስህም፣ የሚደርስህን አስቀድም» ይላል። ማን ልክ ነው? መልሱ ያለው ኮምፒውተሩ በሚመድብበት ደንብ ውስጥ ነው።

የአሜሪካዋን ቦስተን እንይ። ወላጆች ለልጆቻቸው የሚፈልጓቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይሞሉ ነበር። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት መጀመሪያ አንደኛ ምርጫቸው ላደረጉት ይሰጣል። ወንበር ከተረፈ ብቻ ሁለተኛ ወዳሉት ይሄዳል። ፍትሐዊ ይመስላል፣ አይደል? ግን ተፈላጊውን አንደኛ ብላችሁ ካልደረሳችሁ፣ ሁለተኛ ያላችሁት ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ነገሩ የገባቸው ወላጆች እየተሰበሰቡ የትኛው እንደሚጨናነቅ ይመክሩ ነበር። ለዚህ ጊዜ የሌላት እናት ግን የልቧን ትሞላለች፤ ልጇም ማንም ያልመረጠው ትምህርት ቤት ሊደርሰው ይችላል።

በ2003 (እ.ኤ.አ.) አቲላ አብዱልቃዲሮሉ እና ታይፉን ሶንሜዝ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን ጉድለት በጥናት አሳዩ። ካቀረቧቸው መፍትሔዎች አንዱ ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 ባሳተሙት ስሌት ላይ የቆመ ነው። በዚህ ስሌት መጀመሪያ ላይ ወንበር የሚያዘው በጊዜያዊነት ብቻ ነው። ከአንደኛ ምርጫው የተመለሰ ልጅ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ፣ እዚያ ከተያዙት ጋር እኩል ይወዳደራል። ወንድም ወይም እህት እዚያ ስለሚማር፣ ወይም ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ቅድሚያ ካለው ወንበሩን ይወስዳል። የተነሣው ደግሞ ወደ ቀጣይ ምርጫው ያመራል። የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ ምደባው ይጸናል።

በዚህ ደንብ ምርጫውን አጣሞ የሞላ ተማሪ ምንም አይጠቀምም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ቦስተንም በ2005 ወደዚህ አሠራር ተሻገረች። በ2012 ሻፕሊ እና ይህን ሐሳብ መሬት ላይ ያወረደው አልቪን ሮት የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

እርግጥ ስሌቱ ወንበር አይጨምርም። 100 ወንበር ካለ የሚገባው 100 ልጅ ነው። የሚቀረው «ሚስጥሩን ያወቀ ይቅደም» የሚለው ጨዋታ ነው።

የጌም ቲዎሪ እና የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሰው ለራሱ ያደላል ብለው ይነሣሉ፤ ስለ ሐቀኝነት ከመስበክ ይልቅ ውሸት የማያዋጣበትን ደንብ ይጽፋሉ። እናንተም ቀጣዩን ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት «ምን ላስቀድም?» ከማለት አስቀድማችሁ «የሚመድበን ደንብ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንቡ በግልጽ ካልተነገራችሁ፣ እንዲነገራችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።