የማሳ ወሰን እንዴት ይለያል?

ድንበር መግፋት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ የእርሻውንም ወቅት በሙግት ያስጠፋል። ቀያሽ አዲስ ወሰን አይፈጥርም፤ የነበረውን አጣርቶ ይለካል እንጂ። ስለሆነም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ይገባቸዋል።

1. ማስረጃ ማሰባሰብ፦ በ1990ዎቹ በተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ የተሰጠው ደብተር የአዋሳኞችን ስም ይዟል፤ የማሳ ካርታ ግን የለውም። ስለዚህ አዋሳኞች ሁሉ፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴና ሽማግሌዎች ባሉበት የድንበሩ ድንጋይ፣ ዛፍና ቦይ ይታያል።

2. ምልክት ማድረግ፦ በተስማሙበት ማዕዘን ሁሉ ችካል ይተከላል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ይመራል፤ ቀያሽ አይፈርድም።

3. መለካት፦ ገመድ ስለሚለጠጥ የብረት ሜትር ይመረጣል። በተዳፋት መሬት ሜትሩ አግድም ይያዛል። መሬቱን ተከትሎ 100 ሜትር ሲለካ ከፍታው 20 ሜትር ቢጨምር፣ አግድሙ 98 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስም ጥቂት ሜትር ሊስት ይችላል። እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር በሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ፣ አንዱ ወሰን 3 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ 150 ካሬ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ብቻ የድንበር ክርክር አይፈታም።

4. ለሕዝብ ማሳየት፦ በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ወሰኑ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተሰምሮ ለሕዝብ ይታያል።

ማሳሰቢያ፦ ስሕተት በቀላሉ የሚታረመው በዚህ ጊዜ ነው። ባለይዞታዎች፣ በተለይም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ አረጋውያንና የሙት ልጆች ሞግዚቶች፣ ቀርበው እንዲያዩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።