የማውስን ጎማ የሚገሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች

እንደ ጃጁራ ባለ የሀዲያ ከተማ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ሥራው ባመዛኙ ረጅም ሰነድ ነው። ማመልከቻው በአማርኛ፣ የትምህርት ቤቱ ጽሑፍ በሀዲይሳ፣ የተማሪው የመመረቂያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ይተየባል፤ መምህሩም ሮስተሩን በኤክሴል ይሞላል። በዚህ ሁሉ መሃል ጣት ሳያቋርጥ የሚነካት፣ ማንም ግን ልብ የማይላት ነገር የማውሷ ጎማ ናት።

ዊንዶውስ ጎማዋ አንዴ ቀጭ ባለች ቁጥር ገጹ 3 መስመር እንዲሄድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በአንድ ገጽ 30 መስመር ያለው፣ 90 ገጽ የሆነ የመመረቂያ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ለማየት እንግዲህ 900 ጊዜ ያህል ማሽከርከር ይጠይቃል። አራሚው ሦስት ጊዜ ከመለሰው ያው ጣት 2,700 ጊዜ ይመላለሳል።

ጎማዋን ከቢሮ ቢሮ ያዳረሳት ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ያወጣው ኢንተሊማውስ ነው። አሠራሯ ቀላል ነው። ዊንዶውስ እያንዳንዷን ቀጭታ በ120 ቁጥር ይመዘግባታል፤ ወደ ላይ ከሆነ 120፣ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 120 ብሎ ለወርድ ወይም ለኤክሴል ያቀብላል። የማውስ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ይህን መልእክት መንገድ ላይ ተቀብለው አቅጣጫውን ይገለብጡታል፣ ያበዙታል ወይም ወደ ጎን ይመልሱታል። አማርኛ የሚተይብ ሰው ለዚህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማንም ከሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የተጫኑትን የላቲን ፊደል እየተቀበለ ግዕዝ አድርጎ ይሰጣል።

ማንኛውንም ነገር ከመጫንዎ በፊት ግን ዊንዶውስ ራሱ ያለውን ይመልከቱ። ሴቲንግስ ውስጥ ማውስ የሚለውን ገጽ ሲከፍቱ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰውን የመስመር ብዛት ከ1 እስከ 100 መምረጥ ይቻላል። በዊንዶውስ 7 ይኸው ቁጥር ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ ማውስ ከሚለው ሥር ዊል በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። 3ቱን 6 ማድረግ ብቻ ያንን 900 ወደ 450 ያወርደዋል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ሌላም ጨመረ፤ መስኮቱን ክሊክ ሳያደርጉ ቀስቱን በላዩ ላይ በማሳረፍ ብቻ ስክሮል ማድረግ ተቻለ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሲባል ዊዝማውስን የመሰለች ትንሽ ፕሮግራም መጫን ያስፈልግ ነበር። ዊንዶውስ 7 ያለበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዛሬም ትጠቅማለች፤ በአዲሱ ላይ ግን ለዚህ ብቻ ብሎ እሷን መጫን ትርፍ ነው።

ዊንዶውስ የማይሠራውን ሲፈልጉ ኤክስ ማውስ በተን ኮንትሮል የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ዋናው ጥቅሙም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ ጠባይ መስጠቱ ነው። የመምህሩን ሮስተር እንውሰድ። የተማሪው ስም በግራ ጥግ ይሆናል፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ከስክሪኑ ይወጣል። መምህሩ ከታች ያለችውን ቀጭን አሞሌ ማውስ ይዞ ሲጎትት ይውላል። በዚህ ፕሮግራም ለኤክሴል ብቻ የሚሠራ ፕሮፋይል ከፍቶ ጎማዋ ወደ ጎን እንድትሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ወርድ ውስጥ ሲገባ ጎማዋ እንደ ወትሮዋ ወደ ላይና ወደ ታች ትሠራለች። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሣ ዓይነትም ስላለው ከማሽን ማሽን ለሚዘዋወር ሰው ይመቻል።

የስልክ ስክሪን ለምዶ ጎማዋ የተገለበጠችበት ሰው አጫጭር ትእዛዞችን የሚያስፈጽመውን ኦቶሆትኪይ የተባለ ፕሮግራም መሞከር ይችላል። ላይኛውን ወደ ታች፣ ታችኛውን ወደ ላይ የሚያዞሩ ሁለት መስመሮች ጽፎ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በማክ ላይ ደግሞ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ላየን በተባለው የሲስተሙ ስሪት አቅጣጫውን ከገለበጠው ወዲህ ማውሱንና ትራክፓዱን ለየብቻ ለማስተካከል ስክሮል ሪቨርሰር የተባለው ፕሮግራም ታዋቂ ነው።

የማውስ አምራቾች የሚያቀርቡት ፕሮግራም ሌላ ነገር ነው። የሎጊቴክ ኦፕሽንስ ፕላስ ለምሳሌ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይይዛል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድና ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ለአንዲት ጎማ ይህን ያህል መሸከም አይዋጥልኝም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከየት እንደሚያገኙት ነው። የማውስን እንቅስቃሴ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ፕሮግራም እያንዳንዱን ክሊክ ያያል። ስለዚህ ከጓደኛ ፍላሽ ሳይሆን ከሠሪው ገጽ ይውሰዱት፤ በነፃ ለሚሰጥ ነገር ክራክ የሚያቀርብልዎት ካለ ይሽሹ። አንዳንድ መስኮት ላይ ሥራውን ቢያቆምም አይደናገጡ። ያ መስኮት በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ የተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ ተራው ፕሮግራም እዚያ እንዲገባ አይፈቅድም።

ወደ ታች ሲያሽከረክሩ ገጹ ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሶፍትዌር አይደለም። ጎማዋ ሥር ያለው አዙሪቱን የሚቆጥር ክፍል አቧራ ይዞታል ወይም አልቋል። ያጽዱት፤ ካልሆነ ማውስ ይቀይሩ።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለዎት ቁጥሩን 5 ወይም 6 አድርገው አንድ ሳምንት ይሥሩበት። ያ ከበቃዎ ሌላ ምንም አይጫኑ።