የሒሳብ ፈተናና የመምህሩ ድርሻ

በፋሽጋ የተመረተው ሰሊጥ በገዳሪፍ ገበያ ሲመዘን፣ ሒሳብ የማያውቅ ሻጭ የተነገረውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። በ2013 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከትግራይ ተሰደው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ የሰፈሩት ሕፃናት፣ አስቀድሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ነበር።

እንዲህ ላለ ሕፃን፣ ለሁሉ አንድ ሆኖ የተዘጋጀ ፈተና የሚመዝነው የቀረበትን ትምህርት እንጂ አእምሮውን አይደለም። ከ52 ላይ 27 ቀንስ ቢባል 35 ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ ፈተናው ስሕተት ብሎ ያልፈዋል። አስተዋይ መምህር ግን ልጁ ከ7 ላይ 2ን እንደ ቀነሰ፣ ከዐሥር ቤት መበደርንም እንዳልተማረ ይረዳል። ውጤቱን ብቻ የሚፈራ መምህር መልሱን በቃል ያስጠናዋል።

ስለዚህ ሹማምንት ከመምህሩ የማርኩን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የስሕተቱንም ምክንያት ሊጠይቁ ይገባል። ልጁ ነገ ከሚዛን ፊት ሲቆም በቃል ያጠናው መልስ አይረዳውምና።