በቃል የተሰጠ ብድር አሠሪንም ሠራተኛንም ያከስራል

«እኔና አንተ ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» በመርካቶ ሱቆች፣ በጋራዦችና በወፍጮ ቤቶች ሠራተኛ ከአሠሪው ገንዘብ ሲበደር ይህች አነጋገር የተለመደች ናት። ሠራተኛው የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል ወይም ቤተሰብ ይታመምበታል፤ ጋሼ ከመሳቢያ አውጥተው ይሰጡታል፤ «ከደመወዝህ ቀስ እያልክ ትከፍላለህ» ይሉታል። ስምምነቱ በዚሁ ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ የሚለያዩ ዕለት ነው።

ለአብነት ያህል በወር 9,000 ብር የሚከፈለውንና ከአሠሪው 60,000 ብር ያለወረቀት የተበደረን የመለዋወጫ ዕቃ ሻጭ መመልከት ይቻላል። ሻጩ ጥቂት ወራት እንደሠራ የተሻለ ሥራ ያገኝና መልቀቂያ ያስገባል። አሠሪው «ዕዳዬን ሳትከፍል የትም አትሄድም» ብለው የመጨረሻውን ደመወዝ ይይዙበታል። ሠራተኛው ይከሳል። ችሎት ሲቀርቡ አሠሪው አበደርኩ ላሉት ገንዘብ ማስረጃ ይጠየቃሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ያን ጊዜ 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ዘንቢል አይሞላም። ስለዚህም በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል። ብሩ ሲቆጠር ያዩ ሦስት የሱቅ ሠራተኞች ቢቆጠሩም አያዋጡም። ተበዳሪው ከካደና ለመማልም ካላመነታ አበዳሪው ባዶ እጁን ይመለሳል። በባንክ የተላከ ገንዘብም ቢሆን መተላለፉን እንጂ ብድር ይሁን ጉርሻ ብቻውን አይናገርም።

ሕጉ ታዲያ ለተበዳሪው ብቻ ያደላ አይደለም። ያው ድንጋጌ ዕዳ ስለመመለሱም ይሠራል። የብድር ወረቀት ፈርሞ 40,000 ብር በእጁ የመለሰ፣ ነገር ግን ደረሰኝ ያልተቀበለ ሠራተኛ ያንኑ ገንዘብ ሁለተኛ ሊከፍል ይችላል።

ደመወዝ መያዝ ያስጠይቃል

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ እንደሆነ ይገልጻል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ሂሳብ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ከላይ ለተጠቀሰው ሻጭ ሲሶው 3,000 ብር ስለሆነ 60,000ው ብር ከ20 ወራት በፊት ከደመወዝ ተቆርጦ አያልቅም። ለአሠሪው ይህ ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት ሊያሰሉት የሚገባ ሂሳብ ነው።

የሥራ ውል ሲቋረጥ ደግሞ የሠራተኛው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ገንዘብ ሳይመልስ ከቆየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ነገር ግን ዕዳውን ማስረዳት ያልቻለ አሠሪ በዚህ ሊጠለል ይቸግረዋል። ያለበቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። በምሳሌው መሠረት አሠሪው 60,000 ብራቸውን አጥተው እስከ 27,000 ብር ሊጨምሩበት ነው ማለት ነው። ዕዳ ሠራተኛን ማሰሪያ ገመድም አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የመልቀቅ መብቱ እንደተጠበቀ ይቆያል፣ ዕዳው በክስ ይጠየቃል።

«እኔ አለሁለት» ብሎ በቃል የተዋሰ ባልደረባም አያስተማምንም። ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነና ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተወሰነ አይጸናም። ወለድም ቢሆን ውል ካልተገባበት አይጠየቅም፤ ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ እንዲስማሙም አይፈቅድም።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ የተሰጠበት ቀን፣ በየወሩ የሚቆረጠው መጠን፣ ሠራተኛው ለመቆረጡ መስማማቱ፣ ከሥራ ቢለቅ ቀሪው እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍበታል። ሁለቱም ይፈርሙበታል፣ ሁለት ምስክሮችም ቢጨመሩ ክርክር ያሳጥራል። ቅጂው ለየራሳቸው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ተለይቶ ይመዘገባል፣ በእጅ የተከፈለውም ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

ብዙዎች ወረቀት መጠየቅን እንደ አለመተማመን ይቆጥሩታል። አበው ግን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በችግር ቀን ገንዘቡን ያወጣ አሠሪና በላቡ የከፈለ ሠራተኛ ችሎት ፊት ከሚካካዱ ይልቅ በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ቢፈራረሙ ይሻላቸዋል።